በጥቁር ገመድ የታሰሩት ወንበሮች

ከቢሮ ስመለስ የእማዬ ግራጫ ካፖርት አልጋዬ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። ላውንደሪው መንገዴ ላይ ስለሆነ የቤቱ ሰው ሁሉ የሚታጠብ ነገር ሲኖረው ምንም ሳይል አልጋዬ ላይ ጥሎልኝ ይሄዳል። እኔም በማግስቱ ወስጄ ሰጠሁት። ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ላስቲክ ለብሶ ሲመለስ የእማዬ ቁም ሣጥን እጀታ ላይ ሰቀልኩላት።

እማዬ ካፖርቱን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ምነው መለስሽው?»

«ታጠበ እኮ።»

«ማን አሳጥቢልኝ አለሽ? ላንቺ ነው የሰጠሁሽ፤ ልበሺው ብዬ።»

«አንቺስ ምን ልትለብሺ?»

«እኔማ...» አለችና የላስቲኩን ጫፍ በጣቷ ትጠቀልል ጀመር። «ለእኔ አታስቢ።»

ልቤን ያስደነገጠው ይህ ነው። ቅዳሜ ስልሳ ዓመቷን ትይዛለች፤ ወንድሜ ለልደቷ የገዛላት ስጦታ ደግሞ ካፖርት ነው። ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ ለስላሳ፣ ወንድሜ ቤት ቁም ሣጥን አናት ላይ እስከነካርቶኑ የተደበቀ። ይህን የምናውቀው እኔ፣ ወንድሜ፣ ሚስቱና አባዬ ብቻ ነን። አሮጌ ካፖርቷን በዚህ ሳምንት የምትሰጥ ሴት አዲስ እንደሚመጣላት የሰማች ሴት መሆን አለባት። የካፖርቱን ወሬ ከሰማች ደግሞ ሳትሰማ ልናደርግላት ያሰብነውን ግብዣም ሰምታለች ማለት ነው።

ካፖርቱን ወደ ክፍሌ መለስኩት። ማን እንደነገራት ግን ማወቅ ነበረብኝ።

እኛ ወንበር አከራዮች ነን። ከቤታችን ጀርባ ያለው መጋዘን እስከ ጣሪያው ድረስ ወንበር ነው። ሥራውን የጀመረችው እማዬ ናት፤ ሰፈርተኛው «ሊቀመንበር» ይላታል፣ እሷም «ከመንበር በቀር ምን ሀብት አለኝና» እያለች ትመልሳለች። ሌላው ሰው ስለ አንድ ግብዣ ሲያወራ የሚያነሳው ምግቡንና ሙዚቃውን ነው። እማዬ የምታየው ወንበሮቹ እንዴት ሆነው እንደተተዉ ነው። ድግሱ ሲያልቅ ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ከቆዩ ሰው ተሰላችቶ ሄዷል። ክብ ሠርተው፣ ጀርባ ለጀርባ ዞረው፣ አንዱም ከአጥሩ ሥር ብቻውን ርቆ ከተገኘ ሰው ተጫውቷል። ሕጎችም አሏት። ከተጠራው ሰው አሳንሰህ ዘርጋ፤ ባዶ ወንበር የበዛበት ግብዣ ሰው የቀረበት ይመስላል። ድምፅ ማጉያውን ከሽማግሌዎች አርቀው። በተራበ ሰው ፊት ንግግር አታድርግ።

የእሷን ግብዣ በእሷ ሕግ እንዳዘጋጅ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። «ዲግሪ እያለች ማን ያቅዳል?» ብሎ ነበር ወንድሜ። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ ሰው በበዛበት ቦታ እጄን የት እንደማደርገው የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ማቀዱን ግን እወዳለሁ። ጥላው ከሰዓት በኋላ በየት በኩል እንደሚዞር፣ አክስቴና የጎረቤታችን ሚስት እንዳይጎራበጡ በመካከላቸው ማን እንደሚቀመጥ፣ ኬኩ ከየትኛው በር እንደሚገባ፣ ሁሉንም በልቤ ይዤዋለሁ። አባዬ ብቻ ነው አንድ ያልገባኝ ነገር የጠየቀኝ።

«ከምግቡ በኋላ ትንሽ ጊዜ ተይልኝ።»

«ምን ልታደርግ?»

«ልናገር።»

አባዬ በልጁ ሠርግ እንኳ ተነስቶ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ካለ በኋላ የተቀመጠ ሰው ነው። «ስለ ምን?» አልኩት። «ጊዜውን ተይልኝ ነው ያልኩሽ» አለና ወጣ።

ሌላም ነገር ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በፊት እማዬ አንገቷ ላይ እብጠት አውጥታ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ሐኪሟ ናሙና ወሰደችና ውጤቱ ሲደርስ እንደምትደውል ነገረቻት። እማዬ ስልኳን የት እንደጣለችው ስለማታውቅ ያስመዘገበችው የአባዬን ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ገና ፊቷን ሳትታጠብ «ደወሉ?» ትላለች፤ አባዬም «ገና ነው» ይላል። በዚያ ሳምንት ግን መጠየቋን አቆመች። እኔም ያቆመችው ግብዣውን ሰምታ ልቧ ወደዚያ ስለሄደ ነው ብዬ አሰብኩ። ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ የሚያመለክቱ ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት የወንድሜን ሚስት ነው። ፀጉር ቤት አላት፤ ፀጉር ቤት ውስጥ ደግሞ ምስጢር አያድርም። ስደርስ አንዲት ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖችን ስትለቅም ነበር።

«እማዬ ሰሞኑን እንዴት ትመስልሻለች?» አልኳት።

«ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂብኝ። ምን ሆነሽ ነው?»

«ካፖርቷን ሰጠችኝ።»

ቢጎዲኖቹን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «እና እኔ ነኝ የነገርኳት?»

«አላልኩም።»

«ፊትሽ ብሏል። እኔ እኮ አፌ ሰፊ መሆኑን አልክድም። ግን ከዚያ ቤት አንድ ነገር አውጥቼ አውቃለሁ?»

«አምና የእኔን...»

«እሱ ሌላ ነው። እሱ የታወቀ ነገር ነበር።» ካስኩ ውስጥ ያለችው ደንበኛ እንዳትሰማ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ይልቅ እኔን ትተሽ ወንድምሽንና አባትሽን ጠብቂያቸው። ትናንት የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ መስኮት ዘግተው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ስቀርብ ዝም። ግብዣውን አውቃለሁ፣ ካፖርቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ታዲያ ከእኔ የሚደበቅ ምን ቀረ?»

«ጠየቅሽው?»

«'የሥራ ነገር ነው' አለኝ። ወንድምሽ ሲዋሽ ጆሮውን ያካል። ሊገነጥለው ነበር የቀረው።» ቢጎዲኖቹን መልሳ አነሳች። «እማማ ደግሞ ዛሬ ጠዋት መጥተው ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። ምን ነካዎት፣ ዛሬ ከየት ተገኙ ስላቸው 'ለፎቶ ነው' አሉኝ። ሳቅ እንኳ አላሉም።»

ፀጉር ተሠርታ፣ ፎቶ ልትነሣ ነው። ሙሉ በሙሉ አውቃለች አልኩ በልቤ። ግን ፀጉር ቤት ስገባ የነበረኝ ጥርጣሬ አንድ ነበር፤ ስወጣ ሁለት ሆኗል።

በማግስቱ ከሰዓት መጋዘኑ ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አየሁ።

የእኛ ቤት አሠራር እንዲህ ነው፦ ለደስታ የሚወጣ ወንበር በቀይ ገመድ ይታሰራል፣ ነጭ ሽፋኑም አብሮት አለ። እማዬ እያንዳንዱን እስር ፈታ ሽፋኖቹን ሳታይ አታስጭንም። ሐዘን ቤት የሚሄድ ወንበር በጥቁር ገመድ ነው የሚታሰረው። ሽፋን የለውም፣ ማንም አይፈትሸውም፣ ተጠርቶ ሲመጣ ቶሎ ተጭኖ ይሄዳል። ለቅዳሜ ሽፋኖቻችን በሙሉ ለአንድ ትልቅ ሠርግ ወጥተው ስለነበር ወንድሜ ለእማዬ ግብዣ ሽፋን የሌላቸውን አዳዲስ ወንበሮች መርጦ አጠበ። እማዬ እንዳትፈታቸውና ለማን ናቸው ብላ እንዳትጠይቅ ደግሞ በጥቁር ገመድ አሰራቸው፤ ጥግ አስቀምጦ ሸራ አለበሳቸው። በሐሳቡ በጣም ኮርቶ ነበር። «ሊቀመንበሯ ጥቁር ገመድ ፈታ አታውቅም» አለኝ።

እኔ ስደርስ እማዬ ሸራውን ገልጣ ቆማለች። አጠገቧ ሾፌራችን አለ፤ ዕቃ ሲጫን ሁልጊዜ «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ስለሚል ስሙም ቀስ በሉ ሆኖ የቀረው ትልቅ ሰውዬ። ግብዣውን ያውቃል፤ እንዳይናገር ወንድሜ አስምሎታል።

«የማነው ይሄ?» ትለዋለች እማዬ።

«እሱ... የታዘዘ ነው እትዬ።»

«ወዴት?»

«እዚሁ ቅርብ ነው።»

«ለመቼ?»

ቀስ በሉ መዋሸት አይችልም። ኮፍያውን አወለቀና መሬት መሬት እያየ «እንጃ እትዬ፣ ልጅዎን ቢጠይቁት» አለ።

እማዬ ወደ እኔ ዞረች። «ከሰፈሩ የሞተ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩ።

«ሐዘን ቀጠሮ ተይዞለት ወንበር ሲታዘዝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

 «ቀይ ገመድ አልቆ ይሆናል» አልኩ። ቀይ ገመዱ ከጭንቅላቷ በላይ ሚስማር ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሸራውን ቀስ አድርጋ መለሰች፣ ጫፉን እንደ አልጋ ልብስ አስተካከለች።

«ልጄ ነገር ቀድሞ ማዘጋጀት ይወዳል» አለች። «ከእኔ ነው የወሰደው።»

ያን ጊዜም ቢሆን ግብዣውን ደርሳበት እየቀለደችብን ነው የመሰለኝ። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም።

በዚያው ቀን፣ ሐሙስ፣ ወደ ማታ አክስቴ መጣች። የእማዬ ታናሽ እህት ናት፤ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ያለ ትልቅ ጉዳይ አትመጣም። አባዬ ነው በስልክ የጠራት። «ናፍቀሽኝ ነው የመጣሁት በያት» ብለን መክረናት ነበር። በሩ ላይ እማዬን እንዳቀፈቻት ግን ማልቀስ ጀመረች። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀቻትም። ስትለቃትም እጇን አንስታ የእማዬን አንገት በመዳፏ ዳሰሰች፤ እብጠቱ ያለበትን ቦታ።

እማዬ እጇን ይዛ አወረደችው። «ግቢ» አለቻት፣ «ደክሞሻል።»

እራት ላይ አባዬ ተነስቶ ለእማዬ ውሃ ቀዳላት። አባዬ ተነስቶ ለማንም ውሃ ቀድቶ አያውቅም። ወንድሜ ያዳመጠ መስሎ ጆሮውን ያካል። አክስቴ እህቷን እያየች ፈገግ ትልና ዓይኗን ትጠርጋለች። እማዬ ውሃውን ጠጥታ ብርጭቆውን ቦታው አስቀመጠችና «ሽንኩርቱን በትንሽ እሳት ነው የምታበስለው» አለችው አባዬን ድንገት። «እስኪላላ። ውሃ አትቸኩልበት።»

«እሺ» አለ አባዬ።

ዙሪያውን አየሁ። እኔ ያቀድኩት ግብዣ ይህን ሁሉ ዕንባ አያስፈልገውም። ሦስቱም የሚያውቁት፣ ከእኔ ግን የተደበቀ ነገር አለ። እማዬም የምታውቀው ሌላ ነገር አላት። የግብዣው አዘጋጅ ተብዬ ሳላውቅ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዓርብ ቢሮ አስፈቅጄ ቀደም ብዬ ወጣሁ፤ ለቅዳሜ ፎቶ አንሺውን ማነጋገር ነበረብኝ። ፎቶ ቤቱ ከእኛ መንደር መግቢያ ላይ ነው። ሰውዬው የግብዣውን ሰዓት ሰማኝና «የእናትሽ ተዘጋጅቷል፣ ይዘሽላት ትሄጃለሽ?» አለኝ።

ከባንኮኒው ሥር ፍሬም አወጣ። ትልቅ ነው፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ዓይነት። እማዬ አዲስ በተሠራ ፀጉሯ በቀጥታ ታየኛለች። አልሳቀችም፣ አላኮረፈችም። የዚያን ዓይነት ፎቶ የት እንዳየሁ አስታወስኩ። ወንበር ስናደርስ፣ ጥቁር ገመድ ስንፈታ፣ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ የሚያየን ፎቶ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው።

«ትንሽ ፈገግ ይበሉ ብያቸው ነበር» አለ ፎቶ አንሺው። «'አይሆንም' አሉኝ። ለምንድን ነው ይሄን የሚያህል ብላቸው 'ልጆቼ በኋላ ፎቶ ፍለጋ እንዳይቸገሩ' አሉ። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።»

ፍሬሙን ታቅፌ መንገድ ላይ ቆምኩ። ካፖርቱ፣ ሽንኩርቱ፣ በየጠዋቱ የተቋረጠው ጥያቄ፣ ሁሉም ሌላ መልክ ያዙ። እማዬ ስለ ግብዣው ምንም አልሰማችም። እማዬ ልትሞት እንደሆነ ነው የምታስበው። ደግሞስ ማን ነው ተሳስታለች ያለኝ? በልጁ ሠርግ ያልተናገረው አባዬ ንግግር ላደርግ ነው ይላል። አክስቴ አንገቷን ዳስሳ ታለቅሳለች። ምናልባት እማዬ ብቻ ናት በትክክል የገባት።

አባዬን መጋዘኑ በር ላይ፣ የጭነት መኪናው ጋቢና ውስጥ አገኘሁት። ከጎኑ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ክሊኒኩ ደውሏል?» አልኩት።

 ፈገግ አለ፤ መልስ የሌለው ሰው ፈገግታ መሰለኝ።

«ማን ነገረሽ? ወንድምሽ ነው አይደል?»

«አባዬ፣ ምን አሉ?»

«ንጹሕ ነው። ምንም የለባትም። ተራ እብጠት ነው፣ በራሱ ይጠፋል አለች ሐኪሟ።» መሪውን በሁለት እጁ ይዞ እንደ ልጅ ወዘወዘው። «ነገ ሰው ሁሉ ባለበት ልነግራት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ ከየት ይመጣል?»

«መቼ ነው የደወሉት?»

«ሰኞ።»

ፍሬሙን አዙሬ አሳየሁት። አየው። «ቆንጆ ወጥታለች» አለ። «ለልደቷ ነው?»

ላስረዳው ሞከርኩ፤ እኔ ስናገር ቃላቶቼ ይሰባበራሉ። እሱ የሰማው ግማሹን ነው። «ነገ ነው እኮ» አለኝ። «አንድ ቀን ብትታገሺ ምን አለበት? አክስትሽን ምሥራቹን ነግሬ ከስንት አገር አምጥቼ። እኔ ንግግሩን አጥንቼዋለሁ።» ከዚያም ቀስ ብሎ፣ «አደራሽን» አለ።

አደራውን አልተቀበልኩም። ከመኪናው ወርጄ ወደ ቤት ገባሁ።

እማዬ መኝታ ቤቷ ውስጥ መሳቢያ ዘርግታ የአባዬን ካልሲዎች ጥንድ ጥንድ እያደረገች ታስራለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና ፍሬሙን በፊቱ አልጋው ላይ ደፋሁት።

«እማዬ፣ ውጤቱ ደርሷል። ንጹሕ ነው። ምንም የለብሽም።»

እጇ አልቆመም። «ማን ላከሽ?»

«ማንም።»

«አባትሽ ነው የላከሽ። ፊቴን አይቶ አሳዘንኩት።»

«እውነቴን ነው። ነገ ልደትሽን ልናከብር ነበር። ወንበሮቹ ለዚያ ናቸው። አባዬ እዚያ ሊነግርሽ ነው ደብቆ የያዘው።»

«ተይ፣ የኔ ልጅ» አለች፣ በጣም በርጋታ። «ሰኞ ስልክ ተደወለለት። ወጥቶ አወራ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ማነው ስለው 'የወንበር ደንበኛ' አለኝ። የወንበር ደንበኛ ማንን አስለቅሶ ያውቃል? ሲያጽናኑ ደግሞ እንዲህ ነው የሚባለው። ንጹሕ ነው፣ ምንም የለብሽም። እኔም ለእናቴ ብዬዋለሁ።»

 በሳምንቱ ውስጥ የነገርናት ሁሉ ውሸት ነበር፤ አሁን እውነቱን ብናገር በምን ትለየው? ካፖርቱን ከክፍሌ አምጥቼ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩላት።

«ክሊኒኩ እስከ አሥራ አንድ ክፍት ነው» አልኳት። «ከእኔ አትስሚው።»

ካፖርቱን አይታ፣ እኔን አይታ፣ የያዘቻቸውን ካልሲዎች መሳቢያው ውስጥ ከትታ ተነሳች።

የሐኪሟ ክፍል በር ላይ ስንደርስ «አንቺ እዚህ ቆዪ» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ መሬት ላይ የተበየዱ የብረት ወንበሮች አሉ፤ ማንም ወደ ማንም ሊያዞራቸው የማይችል። አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። አንዳንዴ ከውስጥ የሐኪሟ ድምፅ ይሰማል፣ ቃሉ ግን አይለይም። አባዬ ለእኔም ዋሽቶኝ ቢሆንስ የሚለው ሐሳብ መጣብኝ። አንዴ ከመጣ በኋላ አልሄድም አለኝ። ሰው አንዴ ከተደበቀ ነገር ጋር ከተያያዘ ሳቁም ይጠረጠራል፤ የጋቢናውን ፈገግታ ደጋግሜ አስታወስኩት።

በሩ ተከፈተ። እማዬ የካፖርቱን ቁልፎች እየቆለፈች ወጣች።

«ተነሺ» አለችኝ።

እስከ ዋናው መንገድ ቀድማኝ ሄደች።  ፎቶ ቤቱን ካለፍን በኋላ «ከሰኞ ጀምሮ?» አለች።

«አባዬ እንዳለኝ ከሆነ ከሰኞ።»

«ሰኞ ማታ ነው ካልሲው የትኛው መሳቢያ እንደሆነ ያሳየሁት። እያየኝ 'እሺ' አለ።»

ሳቋ አመለጣት፤ አጭር ነበር። ከዚያ አንገቷን በእጇ ይዛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቆመች። እጇን ያዝኩት። ሰው እያለፈን ሄደ። ትንሽ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና «ነገ ምን ምን አዘጋጅታችኋል?» አለች።

ነገርኳት። ጥላውን፣ ጠረጴዛውን፣ አክስቴ የምትቀመጥበትን፣ ምግቡ የሚወጣበትን ሰዓት፣ አባዬ ያጠናውን ንግግር።

«ድምፅ ማጉያውስ?»

«ከሽማግሌዎች አርቄዋለሁ።»

«ጥሩ። እንዳሰባችሁት ይሁን። እኔም እደነግጣለሁ። ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው። ንግግሩን አጥንቷል ብለሽኝ የለ?»

ቅዳሜ ስትገባ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ደነገጠች፤ ወንድሜ ጆሮውን ማከክ ረሳ። አዲሱን ካፖርት ለብሳ ዞረች፣ ተጨበጨበላት። ምግቡ በሰዓቱ ወጣ፣ ኬኩ በትክክለኛው በር ገባ። የወንድሜ ሚስት እየመጣች «አውቃ ነበር እንዴ?» ስትለኝ «አይመስለኝም» አልኳት። እኔ ግን ሳህኔን ይዤ እማዬን ብቻ አያለሁ። ምን እንደምታደርግ አልነገረችኝም።

አባዬ ተነሳ። ኮቱን ሳበ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ባለቤቴ አንገቷን አሟት እንደነበር ታውቃላችሁ። ሰኞ ዕለት ሐኪሟ ደወለችልኝ። ይህን ቀን ጠብቄ ነው። ምንም የለባትም።»

ጭብጨባው ከመጀመሪያው በረታ። አክስቴ አለቀሰች። አባዬ እጁን ወደ እማዬ ዘረጋ።

እማዬ ተነሳችና ወደ ቤት ገባች። ስትመለስ ፍሬሙን ይዛ ነበር። ኬኩን ትንሽ ገፋ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቱን ወደ አባዬ አዙራ አቆመችው። ጭብጨባው ከዳር እየጀመረ ጠፋ። ከሁሉ ቀድሞ የገባው ለቀስ በሉ ነው፤ ኮፍያውን አወለቀ።

«አንተ ሰኞ ነው የሰማኸው» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «እኔ ትናንት። ይሄን ረቡዕ ነው የተነሣሁት።»

አባዬ ፎቶውን አየ፣ የተቀመጥንባቸውን ሽፋን የሌላቸውን ወንበሮች አየ። ዘርግቶት የነበረው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። ኋላው ያለውን ወንበር በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

«ስልሳ ዓመቴ ነው» አለች እማዬ። «የእኔን ነገር ከእኔ ቀድማችሁ ሰምታችሁ በራሳችሁ ልክ አትስፉልኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ንግግር አልቋል። ሙዚቃውን ክፈቺ።»

ከፈትኩት። መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ በኋላ አክስቴ ከጎረቤታችን ሚስት ጋር መጫወት ጀመረች፣ በመካከላቸው ያስቀመጥኩትን ሰው አስነስተው። ፀሐዩ ሲያዘቀዝቅ እማዬ ለአባዬ ኬክ በሳህን አድርጋ ወስዳ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት። ሰዉ ሄዶ ሲያልቅ ወንበሮቹ ክብ ክብ ሠርተው ነበር። አንዱ ብቻ፣ የአባዬ፣ እንደቆመበት ነበረ።

ወንበሮቹን ስናስገባ እማዬ ራሷ ቀይ ገመድ ከሚስማሩ አውርዳ አሰረቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ክፍሌ መጥታ፣ ዓርብ ማታ መልሳ አልጋዬ ላይ የተወችውን ግራጫ ካፖርት «መልሺልኝ» አለችኝ። ለበሰችው፣ ክሊኒክ ሄደች፣ የአባዬን ስልክ ቁጥር አሰርዛ የራሷን አስመዘገበች።